ሦስተኛው ጥንድ ታኬታ

አለቃዬ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ሲዞር ሳቁን ለመዋጥ እየታገለ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ግድያ አለ» አለኝ።

«ማን ሞተ?»

«ጫማ።»

በዚህ ሥራ ላይ ፀጉሬ ሸብቷል። ሌባ አይቻለሁ፣ አጭበርባሪ አይቻለሁ፣ ባሏን በመጥበሻ ፈንክታ «ራሱ ነው የተጋጨው» ያለችኝን ሴትዮም አይቻለሁ። ለጫማ ግን ተልኬ አላውቅም። ቀልዱን እንዲተው ስነግረው ፊቱን ኮስተር አደረገና ጉዳዩን አስረዳኝ። የወጣት ሴቶች ብሔራዊ ቡድን አምበል ታኬታ ካምፑ ውስጥ ተተልትሎ ተገኝቷል። ቡድኑ ነገ ካሸነፈ ለዓለም ዋንጫ ያልፋል፤ ከተሸነፈ አበቃለት። አውቶቡሱ ዛሬ ከምሳ በኋላ ይነሳል። ፌዴሬሽኑ አንዲት ተቀያሪ ልጅ ጠርጥሯል፤ እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተገኘ ልጅቷ ከቡድኑ ተባራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

«ጠርጥረው ጨርሰው የለ? እኔን ምን ያደርጉኛል?»

«ጋዜጠኞች ሰምተዋል። ‹ፖሊስ አጣርቶታል› ማለት ይፈልጋሉ። ሂጂ፣ እይ፣ ፈርመሽ ነይ።»

ፈርመሽ ነይ! እኔ ማህተም ነኝ እንዴ? ደሜ ፈላ። እየፈላም መኪናዬን አስነሳሁ።

መንገድ ላይ ባሌ ደወለ። የት እንደምሄድ ስነግረው ስልኩ ውስጥ ዘሎ ሊገባ ምንም አልቀረው። እኔ ኳስ የማውቀው እሱ ሳሎን ውስጥ ሲጮህ ብቻ ነው።

«ጫማ ነው ብለሽ እንዳትንቂው» አለኝ። «ያቺ ልጅ ግራ እግሯ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቅጣት ምት ስትመታ በረኛ ቆሞ ነው የሚያየው። አደራሽን!»

«ምሳህን አሙቀህ ብላ» ብዬ ዘጋሁት።

* * *

የካምፑ የዕቃ ክፍል እርጥብ ሣርና የጡንቻ ቅባት ይሸታል። ግድግዳው ላይ ምስማሮች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ምስማር በላይ የማሊያ ቁጥር ተጽፏል፤ ታኬታዎቹ በክራቸው ተቋጥረው ጥንድ ጥንድ ተንጠልጥለዋል። ክፍሉን የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ልጆቹ «ጋሽ ቁልፌ» የሚሏቸው፣ በወገባቸው ላይ ትልቅ የቁልፍ ዘለላ ታጥቀዋል።

«ክፍሉ ተቆልፎ አድሮ፣ ጠዋት ስገባ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» አሉና ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን አሳዩኝ።

አዲስ ታኬታ ነው፤ ነበር ልበል። ቆዳው ከአፉ እስከ ጣቱ ተተልትሏል፣ ውስጡ ያለው ቀይ ገበር ተዘርግፏል። አቆራረጡን አየሁት። ቢላዋ አይደለም፤ እየነከሰ የሄደ ትልቅ መቀስ ነው። የቆረጠው ሰው ተቻኩሏል፣ ግን አልተናደደም። የተናደደ ሰው እዚህም እዚያም ይወጋል፤ ይሄኛው ከላይ እስከ ታች፣ ግራውንም ቀኙንም አንድ አድርጎ ነው የጨረሰው።

ቀና ስል የአምበሏ ቁጥር ከተጻፈበት ምስማር ላይ ሌሎች ሁለት ጥንዶች ተንጠልጥለው አየሁ። ምንም አልሆኑም።

«እነዚህስ የማን ናቸው?»

«የእሷው። ሦስት ጥንድ ነው ያላት።»

«ትናንትም እዚሁ ነበሩ?»

«ጎን ለጎን።»

ይሄ ነገር አልዋጥልኝ አለ። አምበሏ ነገ እንዳትጫወት የፈለገ ሰው መቀስ ይዞ እስከዚህ ድረስ መጥቶ፣ ሦስት ጥንድ እያየ፣ አንዱን ብቻ ቀዶ ይሄዳል? ሰነፍ ምቀኛ አላውቅም። ምቀኛ ሲባል ታታሪ ነው።

«ደግሞ ክሩስ? የዚህኛው ክር የት ሄደ?»

ጋሽ ቁልፌ ጎንበስ ብለው አዩ። «እውነትም ክር የለውም» አሉ፣ የኔን ያህል ተገርመው።

ክሩ አልተቆረጠም፤ ከየቀዳዳው በጥንቃቄ ተመዞ ወጥቷል። መጀመሪያ ክሩን መዘው፣ ከዚያ ጫማውን ቀደዱት ማለት ነው። ለክር እንዲህ የሚሳሳ ማን ነው?

አሰልጣኙ በሩን በርግዶ ገባ። ድምፁ የጎረነነ፣ ከአንገቱ የማይወርድ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰው ነው።

«ኢንስፔክተር፣ እባክዎ ጊዜ አናጥፋ። የቀደደችው ልጅ ማን እንደሆነች አውቀናል።»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ሚጢጢ። ተቀያሪ አጥቂዬ ናት። አምበሏ ካልተጫወተች የምትገባው እሷ ናት። ትናንት እራት ላይ ተነስታ ወጥታ ነበር። ዛሬ ጠዋት እኔ ራሴ ካምፑን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ፤ ሻንጣ፣ ፍራሽ፣ ቁም ሳጥን፣ አንድም የቀረ ነገር የለም። ቦርሳዋ ውስጥ ይሄን አገኘሁ።»

ነጭ ካልሲ ነው። ጣቶቹና ተረከዙ አካባቢ ቀልቷል። አዲስ ጫማ ገበሩ እንደሚለቅ ታውቁታላችሁ፤ ቀለሙ ከተተለተለው ታኬታ ገበር ጋር አንድ ነበር።

«ጫማውን ነክተሽ ታውቂያለሽ ስላት ‹በጭራሽ› አለችኝ። ዓይኔን እያየች!» አለ አሰልጣኙ። ንዴቱ ውስጥ ሐዘን ነበረበት፤ ልጅቷን ይወዳታል።

«ክሩን አገኛችሁት?»

«የምን ክር?»

* * *

ሚጢጢ እውነትም ሚጢጢ ናት። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ከሻንጣዋ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ሻንጣው ከእሷ ይበልጣል። እግሯን ግን አይቼ ገረመኝ፤ ሰፊ ነው፣ የዳክዬ። ለዚያ ቁመት ያ እግር አልተሰጠም።

«ልጄ፣ ትናንት እራት ላይ የት ሄድሽ?»

«ሽንት ቤት፣ እትዬ።»

«ታኬታውን አድርገሽዋል?»

«አላደረግኩም።»

«ካልሲሽ አድርገሻል ይላል።»

ዝም ብዬ ጠበቅኩ። በዚህ ሥራ ከጥያቄ ይልቅ ዝምታ ብዙ ያናግራል።

«ወንድሞቼ ‹ሴት ልጅ ምን ኳስ ያስሮጣታል› ይሉኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ለብሔራዊ ቡድን ስመረጥ እነሱ ናቸው ሻንጣውን የገዙልኝ። ነገ ሰፈሩ ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቦ ሊያይ ነው። አሁን የሰው ጫማ ቀዳ ተባረረች ተብዬ እንዴት ነው በዚያ በር የምገባው?»

«እንግዲያው እውነቱን ንገሪኝ።»

«አልቀደድኩም። ይሄው ነው እውነቱ። ሌላውን የመናገር መብት የለኝም።»

የመናገር መብት የለኝም! እንዲህ የሚል ሰው የራሱን ሚስጥር አይደብቅም። የሌላ ሰው ነው።

* * *

አምበሏ ከበረኛዋ ጋር አንድ ክፍል ነው የምትተኛው። ስገባ አምበሏ አልጋዋ ላይ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን በብርድ ልብስ ሸፍና ተቀምጣ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እኔ ኮቴን አውልቄያለሁ። በረኛዋ ረጅም፣ ትከሻዋ የበር ያህል የሆነ፣ ጓደኞቿ «ግድግዳ» የሚሏት ልጅ ናት። ማሊያ እያጠፈች ነበር፤ ስታየኝ ያጠፈችውን ዘርግታ እንደገና ታጥፍ ጀመር።

«ስለ ጫማሽ ልጠይቅሽ መጥቼ ነው» አልኳት አምበሏን።

«ክሩ ተገኘ?»

ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ ይሄን ነው። ስለተተለተለው ጫማ ቃል አልወጣትም።

«ምን ዓይነት ክር ነው?»

«አሮጌ ነው። ታላቅ እህቴ ናት መጀመሪያ ታኬታ የገዛችልኝ፤ ሰው ቤት እየሠራች። ጫማው አለቀ፣ ክሩ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጫማ ባደረግኩ ቁጥር የእሷን ክር አወጣና አስገባበታለሁ። ያለ እሱ ሜዳ ገብቼ አላውቅም።»

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«ቡድኑ በሙሉ።»

በረኛዋ ማሊያውን ለሦስተኛ ጊዜ አጠፈችው።

«ሚጢጢ አይደለችም» አለች ድንገት፣ ሳታየኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አውቃለኋ።»

«እና ማን ነው?»

ማሊያውን ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። አምበሏም ቀና ብላ አላየቻትም። በሁለቱ መካከል የሆነ ነገር ተጋርጦ ነበር፤ የተጣሉ አይመስሉም፣ የታረቁም አይመስሉም።

«ሌላ ሁለት ጥንድ አለሽ አይደል?» አልኳት አምበሏን። «ነገ በዚያ ትጫወቻለሽ።»

«እጫወታለሁ» አለች። «የግድ ነው። ከዚህ ጨዋታ በኋላ ካላለፍን ዕድሜዬ ለወጣት ቡድን አይፈቅድልኝም። ይሄ የመጨረሻዬ ነው።»

ስትናገር ድምፅዋ ጠንካራ ነበር። ዓይኗ ግን ብርድ ልብሱ ላይ ነበር።

* * *

የቡድኑ ወጌሻ ገና ወጣት ነው፤ አፉም እንደ እጁ አያርፍም። የሕክምና ክፍሉ ከዕቃ ክፍሉ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ፋሻ መቁረጫ መቀሱን ጠይቄው ሲያወጣልኝ መጋጠሚያው ላይ ቀይ ብጣሽ ገበር ተሰክቶ አየሁ። እሱም አየው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ አይደለሁም! እናቴ ትሙት!»

«እናትህን ተዋት። ትናንት በእራት ሰዓት እዚህ ማን ነበር?»

«እኔና ግድግዳ ብቻ። ትከሻዬን አመመኝ ብላ ከእራት ቀድማ ወጣች፤ በረዶ ያዝኩላት። ሌላ ሰው አልገባም።»

«ከጎኗ አልተለየህም?»

«አልተለየሁም።» ትንሽ አሰበና ጆሮውን አከከ። «ማለቴ፣ እጮኛዬ ደውላ ነበር። ወደ ግቢው ወጥቼ አወራኋት። ስመለስ ግን እዚያው ወንበር ላይ፣ በረዶዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነው ያገኘኋት። እንዲያውም ቀለድኩባት።»

«ምን ብለህ?»

«‹አንቺ ልጅ ምን ያህል ቀዝቃዛ ብትሆኚ ነው በረዶው የማይሟሟብሽ!› ብዬ። አልሳቀችም።»

እኔም አልሳቅኩም፤ ያኔ በደንብ አላሰብኩበትም ነበር። ሐሳቤ በሩ ላይ ነበረ። ጋሽ ቁልፌ ተቆልፎ አደረ ወዳሉት ክፍል ሰው እንዴት ገባ?

ሽማግሌውን ብቻቸውን ጠርቼ ቁልፍ ዘለላቸውን እያየሁ ዝም አልኩ። ብዙም አልቆዩ።

«በሩን እስከ እራት ማብቂያ አልዘጋውም፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እርጥብ ታኬታ በተዘጋ ቤት አይደርቅም፣ ይሸታል። ንፋስ እንዲገባ ብዬ ነው። ማታ ስቆልፈውም መብራት አላበራሁም። ለፌዴሬሽኑ ሰውዬ ብናገር በዚህ ዕድሜዬ እንጀራዬን ይነጥቀኛል።»

«ስንት ሰው ያውቃል?»

«ልጆቹ ሁሉ።»

በሉ እንግዲህ። ተጠርጣሪዬ አንድ ነበር፤ አሁን ቡድኑ ከነተቀያሪዎቹ ሆነ። ሰዓቱ ደግሞ ወደ ምሳ እየሮጠ ነው።

* * *

ልጆቹ ለመጨረሻ ቀላል ልምምድ ሜዳ ወጥተው ነበር። ሚጢጢ ከአጥሩ ጀርባ ቆማ ታያቸዋለች፤ አትገቢም ተብላለች። አምበሏ «ለነገ ልረፍ» ብላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እኔም ከተቀያሪዎች ወንበር ጫፍ ላይ አረፍ አልኩና ሐሳቤን አመነዥክ ጀመር።

አጠገቤ ጓንት የተሳለባት አንዲት ጥቁር ትንሽ ቦርሳ ነበረች። በረኛዋ ከጎሉ ዘንድ ወደ እኛ ስትመጣ አየሁና ጓንቷን ፈልጋ መሆን አለበት ብዬ፣ ቦርሳዋን ላቀብላት እጄን ዘረጋሁ።

«እንዳይነኩት!»

አንድ ሰው አይደለም የጮኸው። አሰልጣኙ፣ ወጌሻው፣ ተቀያሪዎቹ፣ ጋሽ ቁልፌ ሳይቀሩ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ቦምብ የነካሁ መሰለኝ፤ እጄን መልሼ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«ከጨዋታ በፊት የበረኛ ጓንት አይነካም» አለ አሰልጣኙ፣ አሁንም እያለከለከ። «ከራሷ በቀር ማንም። ከነካነው ጎል ይገባብናል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ አያውቁም፤ እዚህ ግን ሕፃኑም ያውቀዋል።»

«አንተስ ታምንበታለህ?» አልኩት ወጌሻውን።

«እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ» አለ። «ግን አልነካም።»

ሳቅ ሳቅ አለኝ፤ ከዚያ ሳቁ አፌ ላይ ቀረ። ወደ አሰልጣኙ ዞርኩ።

«ጠዋት ካምፑን በሙሉ ፈተሽኩ ብለውኝ ነበር። አንድም የቀረ የለም ብለዋል።»

«አዎ።»

«ይሄን ቦርሳስ?»

«እሱን እንኳ…» አለ። ፊሽካውን በእጁ ያዘ። በረኛዋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ ቀርታለች።

የማይሟሟው በረዶ ያን ጊዜ መጣልኝ። ትከሻ ላይ የተያዘ በረዶ ይሟሟል፣ ሰው ቀዝቃዛም ቢሆን። ባለቤቱ መቀስ ይዞ ጎረቤት ክፍል ሲሄድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ በረዶ ግን ይቆያል። ግን ለምን? ይቺ ልጅ ለአምበሏ ምቀኛ የሚያደርጋት ምን አለ? እሷ ጎል ትጠብቃለች፣ ያቺ ታገባለች። ደግሞ ምቀኛ ክር መዞ አያስቀምጥም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። ወደ አጥሩ ሄድኩ።

«ሚጢጢ፣ እኔ ልንገርሽና አንቺ ራስሽን ብቻ ነቅንቂ። ጫማውን ያደረግሽው ተለምነሽ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች።

«አዲስ ስለሆነ እንድታላምጂላት።»

«አዲስ ታኬታ ያቆስላል» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። «እርስ በርስ እንደዚያ እንረዳዳለን። የኔ እግር ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ያሰፋል። ለማንም እንዳትናገሪ ስላለችኝ ነው። ቃሌን ሰጥቻት ነው።»

«እና የተለየ ነገር አዘዘችሽ?»

«ግራውን። ግራውን በደንብ እርገጪበት አለችኝ።»

* * *

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ አምስቱን ብቻ አስቀረኋቸው፤ አሰልጣኙን፣ ወጌሻውን፣ አምበሏን፣ በረኛዋንና ሚጢጢን። ከአምበሏ ምስማር ላይ ያወረድኩትን አንድ ጥንድ ታኬታ ፊቷ አስቀመጥኩ።

«ነገ በዚህ ነው የምትጫወቺው አይደል? እስቲ አድርጊው።»

«አሁን?»

«አሁን። ግራውን።»

አምበሏ ጫማውን አነሳች። ክሩን እስከ መጨረሻው አላላችው። እግሯን ከተተች፤ ግማሽ ላይ ቆመ። ጥርሷን ነክሳ ገፋችው። ፊቷ ላይ ላብ ችፍ አለ። እንደገና ገፋች፣ አሁን ድምፅ አወጣች፤ ትንሽ፣ የታፈነ ድምፅ። በረኛዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«በቃ!» አልኩ። «በቃሽ፣ ልጄ። ካልሲሽን አውልቂ።»

ወጌሻው ተንበርክኮ እግሯን ያዘ። አብጧል፣ ከትንሿ ጣት ወደ ላይ ጠቁሯል። በአውራ ጣቱ ሲነካት ዘለለች።

«ይሄ ጡንቻ አይደለም» አለ፣ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት። «ይሄ አጥንት ነው። መቼ ነው የሆነው? ለምን አላሳየሽኝም? በዚህ እግር ነገ ብትጫወቺ ኖሮ…» አልጨረሰውም።

አሰልጣኙ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ስታነክስ አይቻታለሁ» አለ። «‹ጡንቻ ነው› አለችኝ። ጡንቻ እንዲሆን ስለፈለግኩ አመንኳት።»

«ሦስት ጥንድ ነበራት» አልኳቸው። «ይሄ እግር የሚገባው ግን በአንዱ ብቻ ነው፤ ሚጢጢ ባሰፋችው። እሱን የቀደደ ሰው ይሄን ያውቃል። አብሯት የሚተኛ፣ ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ የሚያይ ሰው ነው። አምበሏን ሊጎዳ ሳይሆን ከሜዳ ሊያስቀራት የፈለገ ሰው። ስለዚህም ነው የእህቷን ክር ሳይቆርጥ ያወጣው።» ጥቁሯን ቦርሳ ጠቆምኳት፤ በረኛዋ ይዛት ገብታ ነበር። «እኔ አልነካውም። ባለቤቷ ትክፈተው።»

በረኛዋ ዚፑን ከፈተች። ከግራ ጓንቷ ጣት ውስጥ የተጠቀለለ፣ ነጭ የነበረ ክር አወጣችና አምበሏ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«ስለ እግሯ ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬላት ነበር» አለች። «በእናቴ ነው የማልኩት። ማታ ማታ ትራሷን ነክሳ ስታለቅስ እሰማለሁ፣ መናገር አልችልም። ጫማ አልቀድም ብዬ ግን አልማልኩም።»

አምበሏ ክሩን አልነካችውም። «ያንቺ ሥራ መሆኑን አውቄ ነበር» አለች። «ክሩ ሲጠፋ ነው ያወቅኩት። ከተናገርኩ ግን ለምን እንደቀደድሽው ሊጠይቁ ነው። እግሬ ሊወጣ ነው።»

«እኔ ደግሞ አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ። እስከ ምሳ ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች…»

«ሁለታችሁም!»

ሚጢጢ ነበረች። ያን ያህል ድምፅ ከዚያ ሰውነት ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

«ሁለታችሁም ታዩኝ ነበር! ሻንጣዬን ፊታችሁ ነው የበረበሩት። የውስጥ ልብሴን ሳይቀር አልጋ ላይ ዘርግፈው! አንቺ» አለች ወደ አምበሏ፣ «‹ጫማውን ያደረገችው ለምኛት ነው› ብትዪ ምን ነበረበት? አንቺስ» ወደ በረኛዋ፣ «እኔ እኮ ላንቺ ከእራቴ ላይ ሙዝ ደብቄ የማመጣልሽ ነኝ!»

በረኛዋ ጓንቷን ቦርሳው ውስጥ መልሳ ከተተች። አምበሏ ክሩን አነሳችና ወደ ሚጢጢ ዘረጋች።

«ውሰጂው። ነገ በሱ ተጫወቺ።»

«ክርሽን አልፈልግም» አለች ሚጢጢ። «ሁሉም ሰው ፊት እንድትናገሪ ነው የምፈልገው። ሰፈሬ እንዲሰማ።»

ልቤ በደስታ ዘለለች። እንዲህ ነው እንጂ!

* * *

አውቶቡሱ ተነስቶ ሊሄድ ሲል የፌዴሬሽኑ ሰውዬ ጋዜጠኞቹን በሩ ላይ ሰብስቦ ወረቀት እንድፈርምለት ጠበቀኝ። አልፈረምኩም። አምበሏ በፋሻ የታሰረ እግሯን እየጎተተች ደረጃው ላይ ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ እግሯን፣ ጫማውን፣ ሚጢጢ ለምን እንዳደረገችው፣ እሷም ለምን ዝም እንዳለች። በረኛዋን በስሟ አልጠራችም። «ጫማው የኔ ነው፣ ክስ የለኝም» አለችኝ ጮክ ብላ። ክስ ከሌለ እኔ ምን ሥራ አለኝ? ፋይሌን አጠፍኩ።

አሰልጣኙ በረኛዋን ወደ ጎን ወሰዳት። «ቅጣትሽን ከጨዋታው በኋላ እነግርሻለሁ» ሲላት ሰማሁት። «አሁን ጎሌን ጠብቂ።» ሚጢጢን ደግሞ ትከሻዋን ያዛት፣ ሊናገር ፈለገ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «ቋሚ ነሽ» ብቻ አላት። ይቅርታ መጠየቅ የማይችል ወንድ እንዲህ ነው የሚናገረው፤ እኔም ቤት አንድ አለኝ።

ልጆቹ ተሰልፈው ሲገቡ ሚጢጢ ትልቁን ሻንጣዋን ወደ አውቶቡሱ ሆድ እየገፋች ነበር። በረኛዋ ከሰልፉ ወጥታ ፊቷ ቆመች፤ ጥቁሯን ቦርሳ ዘረጋችላት።

«የአንቺን ሻንጣ ሲበረብሩ ዝም አልኩ» አለች። «እንኪ። የኔንም ፈትሺ።»

ሰልፉ ቀጥ አለ። አሰልጣኙ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ እንዳለ ቀረ። ወጌሻው፣ የተማረው ሰውዬ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ማንም ግን አልጮኸም።

ሚጢጢ ቦርሳውን ተቀበለች። ዚፑን ከፈተች። የግራውን ጓንት አወጣች፣ ጣት በጣት እየገለበጠች ውስጡን አየች። የቀኙንም እንደዚሁ። አልቸኮለችም፤ ጠዋት የእሷን ዕቃ ሲያዩ የቸኮለ አልነበረም። ከዚያ ሁለቱን አጥፋ መለሰች፣ ዚፑን ዘጋችና ቦርሳውን ለባለቤቷ ሰጠቻት።

«ምንም የለም» አለች። «ግቢ።»